የራሴን ፔፐር ለማካፈል የአሳታሚ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ወገን። ድሬ ነው ያለሁት፣ የማስተምረውም እዚሁ ነው። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ የምታውቁ ንገሩኝ።

ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን በየግቢው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ስለሚራባው የወባ ትንኝ አንድ ፔፐር (የጥናት ጽሑፍ) ጽፈን ነበር። የድሬን ውኃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቧንቧዋ በመጣች ቀን ቤት ውስጥ ሳይሞላ የሚቀር ዕቃ የለም። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሁሉ ይሞላል። እኛም በየቤቱ እየዞርን ክዳን እየከፈትን የትንኟን እጭ በጭልፋ እየጨለፍን ነው የሠራነው። ፀሐዩን አልነግራችሁም።

ፔፐሩ አንድ የውጭ ጆርናል ላይ ወጣ። እኛ አልከፈልንም፤ የሚከፍለው አንባቢው ነው። «ለሁሉም ክፍት ይሁንላችሁ ካላችሁ ክፈሉ» ብለውን ነበር። የጠየቁን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ገጹን ዘግተን ወጣን።

በቀደም ታዲያ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ልጅ ደወለልኝ። «ርዕሱን ጎግል ላይ አገኘሁት፣ ልክፈተው ስል 35 ዶላር ይለኛል» አለኝ። ናሙናውን የወሰድነው እሱ ከሚሠራበት ቀበሌ ነው! ቤት ለቤት ስንዞር ውሻ እያስያዘ ያስገባን እሱ ነው።

ስንፈርም የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው አስተላልፈናል። ፒዲኤፉን ብልክለት ችግር አለው? ድረ ገጽ ላይ ብጭነውስ? አንዱ ባልደረባዬ «እንዳትነካው፣ ይከሱናል» ይላል። ሌላው «የራሳችን ሥራ አይደል እንዴ?» ይላል። እኔ መሀል ቤት ቀርቻለሁ።

አቦ ተወው (ድሬዳዋ)

አቦ ምን ያስጨንቅሃል! ተመራማሪዎች ፔፐር የሚለጥፉበት ሪሰርችጌት የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ እዚያ ጫነውና ተገላገል። ሁሉም የሚያደርገው ነው። ከዚራ ድረስ መጥቶ የሚከስህ ፈረንጅ የለም፣ አብሽር።

ጁገል ላይብረሪ (ሐረር)

ሐረር አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። የሰው ፔፐር ተቀብሎ ሪፖዚቶሪ (ተቋሙ ጽሑፎችን ለሕዝብ የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ) ላይ መጫን የዕለት ሥራዬ ነው። እኛ አካባቢ አንቱታ ብዙም እንደሌለ ይታወቃል፣ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ለልጁ ላክለት። ዛሬውኑ። ለጠየቀ ባለሙያ አንድ ኮፒ በግል መላክ የቆየ ልማድ ነው። ኢንተርኔት ሳይመጣ በፊት ደራሲዎች ከአሳታሚው የሚደርሳቸውን ኮፒ በፖስታ ይላላኩ ነበር። አብዛኞቹ አሳታሚዎች ዛሬም አይከለክሉትም። የማይወዱት ያንኑ ፒዲኤፍ ማንም በሚያገኘው ቦታ መስቀልን ነው።

ድረ ገጽ ላይ መጫን ሌላ ጉዳይ ነው። ወደኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ «ፔፐሬን መጫን እችላለሁ ወይ?» ይላል። እኔ መልሼ የምጠይቀው «የትኛውን ፋይል?» ብዬ ነው። ለጆርናሉ መጀመሪያ የላካችሁት አለ፤ ሪቪወር (ገምጋሚ) ያላየው፣ ፕሪፕሪንት የሚባለው። ቀጥሎ ሪቪወሮቹ አስተያየት ሰጥተው፣ እናንተ አስተካክላችሁ፣ ኤዲተሩ «ተቀብለነዋል» ብሎ በጻፈላችሁ ቀን እጃችሁ ላይ የነበረው የወርድ ፋይል አለ። ከዚያ አሳታሚው በሁለት ዓምድ ደርድሮ፣ ሎጎውን ለጥፎ ያወጣው ፒዲኤፍ አለ። አሳታሚው ዘብ የሚቆምለት ይሄኛውን ነው። መካከለኛውን ግን አብዛኞቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ደራሲው በተቋሙ ሪፖዚቶሪ እንዲያስቀምጠው ይፈቅዳሉ። ሐሳቡም ቁጥሩም ሰንጠረዡም ያው ነው። የሚጎድለው ጌጡ ነው።

ጣጣው ይህን ፋይል የሚያስቀምጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ፔፐሩ ሲወጣ ሁሉም ያማረውን ፒዲኤፍ አውርዶ ሌላውን ይረሳል። ላፕቶፓቸውን ከፍተው የሚያሳዩኝን ብታይ ትስቃለህ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል ፋይናል»፣ «የመጨረሻ ፋይናል 2»፣ «ዶክተር ያየው ፋይናል»። የትኛው እንደተላከ ፈጣሪ ይወቅ። ጽሑፉን ያስገባችሁበት የጆርናሉ ሲስተም ውስጥ በፓስወርዳችሁ ግቡ። የመጨረሻው ማስተካከያ ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። እዚያ ከጠፋ ከኤዲተሩ ጋር ሲጻጻፍ የነበረው ደራሲ ኢሜይሉን ይፈትሽ። «ተቀብለነዋል» ከሚለው መልእክት በፊት ያለውን የመጨረሻ አባሪ ነው የምትፈልጉት።

ስታገኙት አጽዱት። የመስመር ቁጥሩን አጥፉ። በቀይ የተሰረዘው፣ በጎን የተጻፈው ኮመንት ሁሉ ይውጣ። («ይሄ ሪቪወር ምንም አይገባውም» የሚል ኮመንት ያለበት ፋይል ደርሶኝ ያውቃል፤ ከመጫኔ በፊት ማየቴ በጀ።) መጨረሻ ላይ የተከመሩትን ሥዕሎች አምጥታችሁ ቦታቸው ላይ አስገቡ። ከላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ ይህ በእገሌ ጆርናል ተቀባይነት ያገኘ ረቂቅ ነው፣ የታተመው በዚህ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ ቁጥር) ይገኛል። ከዚያ ከወርዱ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። አትሞ፣ ስካን አድርጎ የሚያመጣልኝ ሰው አለ፤ እንዴት እንደምናደድ! ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ ነው። ውስጡ ያለውን ቃል የፍለጋ ሞተር ካላነበበው ፔፐርህን ማን ያገኘዋል?

ፈቃዱን በግምት አታድርጉት። ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ፣ ድሮ ሸርፓ ሮሚዮ ይባል የነበረው። የጆርናሉን ስም ትጽፋለህ። የትኛው ፋይል፣ የት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚፈቀድ ያወጣልሃል። ለምሳሌ ስፕሪንገር ኔቸር የሚባለው አሳታሚ በክፍያ በሚነበቡ ብዙዎቹ ጆርናሎቹ ላይ የተስተካከለውን ረቂቅ ሪፖዚቶሪ ውስጥ ለመክፈት 12 ወር ያስጠብቃል። ኤልሴቪየር እንደ ጆርናሉ ይለያያል፤ በራስህ የግል ድረ ገጽ ላይ ግን ወዲያው ማስቀመጥ ትችላለህ። ሴጅ ጭራሽ አያስጠብቅም። የፈረማችሁትን ወረቀትም አውጥታችሁ አንብቡት፣ ብዙ ጊዜ ይሄው ነገር በጥቃቅን ፊደል እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

የት ይቀመጥ ላልከው፣ ተቋምህ ሪፖዚቶሪ ካለው እዚያ። ናድሬ የሚባል አገር አቀፍ ሪፖዚቶሪም አለ። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ባወጣው ፖሊሲ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ውጤቱ እዚያ እንዲገባ ይጠይቃል። ስለዚህ ባልደረባህ «ይከሱናል» ሲል አንተ ደግሞ «መንግሥት ግዴታ ጥሎብናል» በለው፤ ይረጋጋል። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ ቦታም ላይ አስቀምጡ እላለሁ። የአገር ውስጥ ሰርቨር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሲመለስም ላይመለስ ይችላል። ዜኖዶ አለ። ጄኔቭ ያለው ሰርን የሚያስተዳድረው ነው፣ ከ2013 ጀምሮ ይሠራል፣ ሳንቲም አይጠይቅም። እዚያ ስትጭን የጆርናሉን ዲኦአይ ማስገባት እንዳትረሳ።

አሁን ወደ «አቦ ተወው»። ወንድሜ፣ ሪሰርችጌት ቤተ መጻሕፍት አይደለም። በርሊን ያለ የንግድ ኩባንያ ነው። ኤልሴቪየርና የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር በ2017 ሙኒክ ፍርድ ቤት አቁመውት ነበር፤ በ2023 ነው በስምምነት የተዘጋው። የተከሰሰው ኩባንያው እንጂ ደራሲዎቹ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ግን በዚህ መሀል ከላዩ ላይ የተነሳው ፔፐር ቀላል አይደለም። ዛሬ ያየኸው ነገ የለም። ገጽ ይኑርህ፣ ሊንኩ ግን ወደ ሪፖዚቶሪው ይውሰድ።

አቦ ተወው (ድሬዳዋ)

ወላሂ ይሄን ሁሉ ጣጣ ለአንድ ፔፐር? እኔ አሁንም ሪሰርችጌት ነው የምለው፣ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የወርድ ፋይሉን ነገር ግን አላውቅም ነበር።

ክዳን (ድሬዳዋ)

እኔ ወባ ክትትል ላይ ነኝ። ያ የደወለው ልጅ እኔ አይደለሁም፣ ግን ልሆን እችል ነበር።

ነገሩ ለኛ እንዲህ ነው። የወባ ትንኝ ሲባል ድሮ የምናስበው ረግረግና ኩሬ፣ ከዝናብ በኋላ የሚቀር ውኃ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚሏት ግን የከተማ ናት። አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው። በሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ ገንዳ፣ ሰው ለራሱ ብሎ ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ትራባለች። ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 ድሬ ላይ ወባ በደረቁ ወቅት የተነሳው ለዚህ ነው። ስለዚያ ወረርሽኝ በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣው ጥናት ለማንም ክፍት ነው። አውርጄው ስልኬ ላይ አለ፣ በሥራ ቡድናችን ቴሌግራም ላይም ዞሯል።

ሌሎቹን ግን አብስትራክት (ፊት ላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ) አንብቤ ነው የማልፈው። አብስትራክት ደግሞ «የውኃ ማጠራቀሚያዎች ላይ ትኩረት ሊደረግ ይገባል» ብሎ ያቆማል። የትኛው ማጠራቀሚያ? ክዳን ያለው ወይስ የሌለው? ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ወይስ መሬት ላይ የቆመው በርሜል? እኔ ጠዋት አራት ልጆች ይዤ ስወጣ ከየት እንደምጀምር የሚነግረኝ ሰንጠረዥ 3 ነው። ሰንጠረዥ 3 ደግሞ 35 ዶላር ውስጥ ነው ያለው።

እና መምህር፣ አማረ አላማረ እኛ ግድ የለንም። ሰንጠረዡን ስጡን።

ጁገል ላይብረሪ (ሐረር)

ክዳን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ሂናሪን ሞክራችኋል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ነው። ለኛ ዓይነት አገሮች የሕክምናና የጤና ጆርናሎችን በነጻ ይከፍታል። የሚመዘገበው ግን ተቋሙ ነው፣ ግለሰብ አይደለም። ቢሮህ ተመዝግቦ ከሆነ ፓስወርዱ አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጠይቅ። ካልተመዘገበ ይመዝገብ።

ስልክህ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ ስትሆን ደግሞ አንፔይዎል የሚባለውን ብራውዘርህ ላይ ጨምር። የተዘጋ ፔፐር ገጽ ስትከፍት፣ ደራሲው ሪፖዚቶሪ ላይ ያስቀመጠው ኮፒ ካለ በጎን የተከፈተ ቁልፍ ምልክት ያሳይሃል። ተጭነህ ትገባለህ። የሳቢያን ልጅ ረቂቁን ሲያስቀምጥ የሚሆነው ይሄ ነው፤ የሱን ሪፖዚቶሪ ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ያገኘዋል።

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

ለልጁ ልኬለታለሁ። ኑሩልኝ።

ፋይሉም ተገኘ፣ ጆርናሉ ሲስተም ውስጥ ነበር። ፖሊሲውን ሳየው 12 ወር ጠብቁ ይላል፣ ከወጣ ደግሞ ገና ግማሽ ዓመት ነው። አንዱ ባልደረባዬ አሁንም ደስ አላለውም። «ሰው ረቂቁን ካነበበ ጆርናሉን ማን ሳይት ያደርገዋል (ይጠቅሰዋል)? ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠርልን እሱ ነው» ይላል። ምን ልበለው?

ጁገል ላይብረሪ (ሐረር)

የማያነበውን ፔፐር ማን ሳይት ያደርጋል በለው።

ከምር ግን፣ ሳይት የሚደረገው ያው የታተመው ነው። ረቂቁ ላይ ከላይ ዲኦአዩን የምናስጽፈው ለዚህ ነው። አንብቦ የወደደው ሰው የሚጠቅሰው የጆርናሉን ስም፣ ዓመትና ገጽ ነው።

12 ወሩን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ትረሱታላችሁ። አሁኑኑ አስገቡትና የሚከፈትበትን ቀን ሙሉ። ዲስፔስ በሚባለው ሶፍትዌር የተሠራ ሪፖዚቶሪ ከሆነ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይከፍተዋል። እስከዚያ ርዕሱና አብስትራክቱ ይታያል። «ኮፒ ይላክልኝ» የሚል ቦታም ሊኖረው ይችላል፤ አንባቢው ሲጫነው ጥያቄው በኢሜይል ይደርስሃል፣ አንተ በግል ትልክለታለህ። ሜታዳታውን (ስለ ፔፐሩ የሚሞላውን መረጃ) ስትሞላ የሦስታችሁንም ስም ጆርናሉ ላይ በወጣበት አጻጻፍ አድርገው። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም እየቀደመ አንድ ሰው ሦስት ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኦርሲድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ካላችሁ ጨምሩት።

ለሚቀጥለው ደግሞ ከመላካችሁ በፊት አስቡበት። ከመጀመሪያውም ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑ ብዙ ጆርናሎች ለኢትዮጵያ ደራሲዎች ክፍያውን ይተዋሉ። የሚጠየቀው ጽሑፉን ስታስገቡ ነው። ከተቀበሏችሁ በኋላ «ገንዘብ የለንም» ብትሉ ብዙዎቹ አይሰሟችሁም። እዚያ ሲሲ ባይ በሚባለው ላይሰንስ ከወጣ ያማረውን ፒዲኤፍ ራሱን፣ ስማችሁንና ምንጩን ጠቅሶ ማንም የትም ሊያስቀምጠው ይችላል።

ማስተርስ ላይ (ሐረር)

ይቅርታ ልግባበት። እኔ ገና ልልክ ነው። ፕሪፕሪንቱን አስቀድሜ ባወጣው ጆርናሉ «ቀድሞ ታትሟል» ብሎ ይመልስብኛል? አማካሪዬ ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብሎ ይፈራል።

ጁገል ላይብረሪ (ሐረር)

ፊዚክስ ያጠኑት ከ1991 ጀምሮ አርካይቭ በሚባለው የፕሪፕሪንት ድረ ገጽ ላይ እንዲህ እያደረጉ ነው፣ ጆርናሎቻቸው አልተዘጉም። በጤናውም መድአርካይቭ በ2019 ተከፍቷል። አብዛኞቹ የሳይንስ ጆርናሎች ፕሪፕሪንትን እንደ ኅትመት አይቆጥሩም፤ የምትልክበትን ጆርናል ገጽ ግን አንብብ። ስርቆቱን በተመለከተ፣ ቀን ያለበት ፕሪፕሪንት ቀድመህ መሥራትህን ያሳይልሃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሪቪወር ያላየው መሆኑ በጉልህ ይጻፍ። የመድኃኒት ወይም የሕክምና ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ሰው እንደ ምክር እንዳይወስደው አማካሪህ ቢያመነታ አልፈርድበትም።

ጡረተኛው (ሐረማያ)

ልጆች፣ እስካሁን ሳነብ ነበር። እኔ ያስተማርኩት ቦታው ገና ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲባል ነው። ቤቴ አንድ ሣጥን ሙሉ በታይፕ የተመታ ሪፖርት አለ፣ የማሽላና የበቆሎ ሙከራ። የወርድ ፋይል የሚባል ነገር በዘመናችን አልነበረም። ስካን አታድርጉ አልሽ። እኔ ምን ላድርገው? አይጥ ሊጨርሰው ነው።

ጁገል ላይብረሪ (ሐረር)

አባባ፣ እርስዎን አንተ ብል አፌ አይታዘዝልኝም።

ለእርስዎ ስካን ይፈቀዳል! የተናደድኩት ኮምፒውተር ላይ ያለውን አትመው ፎቶ በሚያደርጉት ነው። የእርስዎን ሪፖርት በ300 ዲፒአይ ስካን እናደርገውና ፊደሉን በሚያነብ ሶፍትዌር እናሳልፈዋለን። የታይፕ እንግሊዝኛ ብዙም አያስቸግርም። የደበዘዘው ካርቦን ኮፒ ያስቸግራል፣ እሱን በእጅ እናርማለን። ኮሌጁ ራሱ ያባዛው ሪፖርት ከሆነ መብቱ የኮሌጁ ሊሆን ስለሚችል ከዩኒቨርሲቲው አንድ ደብዳቤ እናስጽፋለን። ጆርናል ላይ የወጣ ካለበት እኛ ለየብቻ እናስቀምጠዋለን፣ እሱ እንደ ሳቢያን ልጅ ጉዳይ ነው የሚታየው።

ሣጥኑን እንዳይከፍቱት፣ እንዳያራግፉትም። ሽቦና ስቴፕልስ ካለበት እኛ እናወጣዋለን፣ ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል። ቅዳሜ የልጅ ልጅዎ መኪና ካለው እሱ ያምጣው፣ ካልሆነ እኔ እመጣለሁ።

ጡረተኛው (ሐረማያ)

ይባረኩልኝ። ልጁ ግማሹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ፍላሽ ላይ አድርጎታል። እሱንም ላምጣው?

ጁገል ላይብረሪ (ሐረር)

ያምጡት። የትኛው ገጽ እንደተነሳ ለማመሳከር ይጠቅመናል። ግን ልጁ መጀመሪያ ቫይረሱን ያጽዳው፤ ባለፈው አንድ ዶክተር ባመጡት ፍላሽ የስካነሩ ኮምፒውተር ለሳምንት ተኝቷል።